ሣሩን የሚገድለው እሳቱ አይደለም

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በረዶው ቀልጦ ምድሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ጥብቅ ሣር ሲነድ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ከእጅ እጅ ይዞራሉ። ወሬው ይከተላል፤ ቅርሱ ወደመ፣ እንስሳቱ አለቁ፣ ጠባቂዎቹስ የት ነበሩ? ጠባቂዎቹ እዚያው ናቸው። እሳቱን የለኮሱትም እነሱ ናቸው። ምስሉን የሚያሰራጩት ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን ይህን ለማወቅ አይቸገሩም ነበር። ጉዳዩ ደግሞ እንደ ተራ ስህተት የሚታለፍ አይደለም፤ ቃጠሎ የቀረበት ሣር ምድር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ጫካ ሊሆን ይችላል።

የነብራስካው ሆምስቴድ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቢያትሪስ ከተማ አጠገብ ያለውን ይህን መሬት ዳንኤል ፍሪማን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው፤ አብርሃም ሊንከን ከወራት በፊት የፈረመው የሆምስቴድ ሕግ ሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ቀን መሆኑ ነው። ሕጉ ለአንድ አመልካች 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ይሰጥ ነበር። አምስት ዓመት ኖሮበት ያለማው ሰው ባለርስት ይሆን ነበር። ማልማት ማለት ደግሞ ሣሩን በማረሻ መገልበጥ ነበር። መንግሥት በ1936 ቦታውን ለመታሰቢያነት ሲከልለው አፈሩ ለዓመታት ታርሶና ታጥቦ ተጎሳቁሏል። በ1939 ተጀምሮ 40 ሄክታር በሚሆነው ላይ አገር በቀሉ ሣር እንዲመለስ ተደረገ። ፕሬሪ የሚባለው ይህ የረጅም ሣር ምድር በሰሜን አሜሪካ ከቀድሞ ስፋቱ የቀረው ከ4 በመቶ አይበልጥም።

ታዲያ ይህን ያህል የተለፋበት ሣር ለምን ይቃጠላል?

ምሥራቅ ነብራስካ ዛፍ ለማብቀል የሚበቃ ዝናብ ያገኛል። ሣሩን ሣር አድርጎ ያቆየው የውኃ እጥረት አይደለም ማለት ነው። ምስጢሩ ተክሉ እንቡጡን የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው። ዛፍ እንቡጡን ቅርንጫፉ ላይ ተሸክሞ ይከርማል፤ ነበልባል ካገኘው የሚቀጥለው ዓመት እድገቱ አብሮ ይነዳል። ቢግ ብሉስቴም የተባለው፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚመዘዘው የፕሬሪ ሣር ግን በብርዱ ወራት ከላይ ይደርቅና ሕይወቱን፣ ማታ በአመድ እንደሚዳፈን ፍም፣ ከአፈር በታች ያሳድራል። የደረቀውን ገለባ ሥሩ ድረስ ገለጥ አድርጎ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ያደረገ ሰው ነጣ ያሉ ሹል እንቡጦችን ያገኛል።

የሣር እሳት ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቸኳይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም። አፈር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ሲባል የሙቀቱ ለውጥ እምብዛም አይሰማም። ከዚያ በታች ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርድ ሥር አለ፤ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲው የእጽዋት ተመራማሪ ጆን ዊቨር ጉድጓድ እያስቆፈረ እነዚህን ሥሮች በዝርዝር አጥንቷል። እሳቱ ካለፈ በኋላ ጥላ ሆኖ የከረመው የገለባ ክምር የለም፤ የጠቆረው መሬት ፀሐይ ይስባል፣ ፈጥኖ ይሞቃል፣ እንቡጡም ቶሎ ይነሣል። ከጭሱ ጋር የተወሰነ ናይትሮጅን ይበናል፤ በናይትሮጅን ደሃ በሆነ አፈር መኖር የለመዱትን የአገሬውን ሣሮች ይህ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ስሙዝ ብሮም የሚባለው ከባሕር ማዶ የገባ ሣር ቅዝቃዜ ይወዳል፤ በሚያዝያ አካባቢ ለምልሞ ይታያል፣ ቢግ ብሉስቴም ግን ያኔ ገና ቢጫ ገለባ ነው። በዚያ ሰሞን የተለኮሰ እሳት ከብሮሙ በቀለቡ ያበቀለውን አረንጓዴ ቅጠል ሲወስድ፣ ከብሉስቴሙ የሚወስደው ሙት ገለባ ብቻ ነው። ከአበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን የሆነው የምሥራቁ ቀይ ጥድም ገና ችግኝ ሳለ ከነደደ ከሥሩ አያቆጠቁጥም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ባለሙያዎቹ ራሳቸው በሁሉም ነገር አይስማሙም። ቀደም ሲል ሣሩን ያቃጥል የነበረው መብረቅ ምን ያህል፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦችስ ምን ያህል ነበሩ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ከነደዱ በኋላ ከሥራቸው የሚያቆጠቁጡ ቁጥቋጦዎችም አሉ። በካንሳሱ ኮንዛ ፕሬሪ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ምርምር በየአራት ዓመቱ ማቃጠል እነዚህን እንደማይገታ፣ አንዴ ሥር ከሰደዱ በኋላ ደግሞ እሳት ብቻውን እንደማይመልሳቸው አሳይቷል። በየዓመቱ ማቃጠል በበኩሉ ረጃጅሞቹን ሣሮች አበርትቶ አበባማ ዕጽዋትን ያሳሳል። በኢትዮጵያም ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ቃጠሎ በተከለከለበት በቦረና ቁጥቋጦው ግጦሹን ወርሮታል፤ ድርቁና የከብቱ ብዛትም ድርሻ ስላላቸው ጥፋቱን ሁሉ በክልከላው ማላከክ ግን አይቻልም።

ከሁሉም ክርክር የከበደው የነፍሳት ነገር ነው። ሪጋል ፍሪቲላሪ የተባለችው የፕሬሪ ቢራቢሮ አባጨጓሬዋ ብርዱን የሚያሳልፈው በገለባው ውስጥ ነው። ትንሽ ቦታ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ከነደደ፣ ከሌላ ሥፍራ በርሮ የሚተካ ከሌለ፣ ዘሯ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ነቃ ያለ ጠባቂ መሬቱን ከፋፍሎ አንዱን ሲያቃጥል ሌላውን ያሳርፋል። ዳሩን አጭዶ፣ ውኃውን አሰልፎ፣ የናፍጣና የቤንዚን ድብልቅ የሚያንጠባጥበውን መለኮሻ ይዞ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ጫፍ ይሄዳል፤ እሳቱ ከነፋሱ ጋር እየታገለ በዝግታ ወደ ኋላ እንዲበላ ያደርጋል። የጠቆረው ጠርዝ በበቂ ሁኔታ ሲሰፋ ብቻ በሌላው ወገን ይለኩሳል። ጥዱ ትልቅ ሆኖ እሳት የማይደፍረው ከሆነ መጋዝ ይገባበታል።