በሙጫ የተደራረበ ሰደፍ እንዴት ይታደሳል?

የጠመንጃ ሰደፍ ሁሉ ከአንድ ግንድ የተጠረበ አይደለም። ኮምፔንሳቶ አይታችኋል? ሰደፍም እንዲሁ ከስስ እንጨቶች በሙጫ ተደራርቦ ይሠራል። ጀርመኖች በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945) ለማውዘር ጠመንጃ ብዙ ሰደፍ የሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ሶቪየቶችም ኋላ ለክላሽንኮቭ ይህንኑ ያዙ። እንዲህ ያለውን እንጨት እርጥበት ቶሎ አያጣምመውም።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ጥይት አለመኖሩን ደጋግመን እናያለን፤ ሰደፉንም ከብረቱ እንፈታለን። አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ኋላ በለስላሳው፣ ምንጊዜም በእንጨቱ ርዝመት። ብናኙ ውስጥ ሙጫም ስላለ አፍንጫችንን እንሸፍን።

ቀጥሎ የተልባ ዘይት ነው። እንጨቱ ዘይት ይጠጣል፤ ሙጫው ግን አይጠጣም። ይህን ሳናውቅ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ወጥ ዘይት አፈሰስንበት። ሳምንት ሙሉ እጅ ላይ ሲጣበቅ ሰነበተ! የሚበጀው በስሱ ቀብቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትራፊውን መወልወል፣ ሲደርቅም መድገም ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ያን ጊዜ ይሞቃል። ጨርቁ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ጨርቁን ወዲያው ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ እንነክራለን፤ ጣሳ ከሌለም ሳናጥፍ ደጅ ዘርግተን እናደርቃለን።