ከሚያብለጨልጨው ፖም ይልቅ ካርቶኑ

የፖም ልጣጭ በቢላዋ ሲፋቅ የሚነሣውን ነጭ ሰም እያሳዩ «ሻማ እየበላን ነው» የሚሉ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ስንት ጊዜ ቢስተባበሉም መዛመታቸውን አላቆሙም። ፖም ላይ በአብዛኛው የሚቀባው ካርናውባ ከተባለው የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ወይም ሸላክ የተሰኘው የነፍሳት ሙጫ ሲሆን፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ለምግብ የተፈቀደው ሰምም ቢሆን ሞለኪውሎቹ ግዙፍ በመሆናቸው ወደ ደም ሳይገቡ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ።

ትኩረት የሚያሻው ማንም ሆን ብሎ ምግብ ውስጥ ያልጨመረው፣ ከዚያው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው ፈሳሹ የማዕድን ዘይት ነው። የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ይህን ዘይት ስለሚይዝ፣ አሮጌ ጋዜጣ ተቦክቶ ካርቶን ሲሠራበት ዘይቱም አብሮ ይገባል፤ እስከ 24 ገደማ የካርቦን አቶም ያላቸው ሞለኪውሎቹም በተራ የክፍል ሙቀት ቀስ በቀስ እየተነኑ፣ ካርቶኑን ጨርሶ ያልነካው ሩዝ ወይም ፓስታ ላይ፣ የወጥ እንፋሎት የድስት ክዳን ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ ያርፋሉ። በመካከል ያለው የወረቀት ከረጢት አያግዳቸውም፤ ፖሊኢትሊን የተባለው ተራ ላስቲክም እርሱ ራሱ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ በመሆኑ ዘይቱን መጥጦ ወደ ምግቡ ያሳልፋል እንጂ አይመልስም፤ የሚመልሰው አሉሚኒየም ወይም የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ነው። ምግቡ መደርደሪያ ላይ ወራት በቆየ ቁጥር የሚጠራቀመው ዘይት ይጨምራል።

ስለ ጉዳቱ ሲነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሃይድሮጅን የጠገበው የዘይቱ ክፍል ፊሸር 344 የተባሉትን የቤተ ሙከራ አይጦች ጉበት ሲያቆስል በሌላ የአይጥ ዘር ላይ ግን ያንን አላደረገም፤ በሰው አካል ውስጥ መጠራቀሙ ቢታወቅም ተመሳሳይ ቁስለት ማድረሱ አልተረጋገጠም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2012 እ.ኤ.አ. ያሰማውን ሥጋት በ2023 አሻሽሎ፣ ይህ ክፍል አሁን ባለው መጠን እንደማያሳስብ፣ አሮማቲክ ከሚባለው ክፍል ግን ሦስትና ከዚያ በላይ የካርቦን ቀለበት ያላቸው ሞለኪውሎች የዘር ቅንጣትን ሊጎዱና ካንሰር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስታውቋል።

ጉዳዩ ቡናዋን በጁት ጆንያ ለምትልከው ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ የጁት ቃጫ ከመፈተሉ በፊት እንዲለሰልስ ዘይት ስለሚረጭበትና ዘይቱ ከማዕድን የተገኘ ከሆነ ወደ ፍሬው ስለሚሸጋገር፣ ላኪዎች ጆንያ ሲገዙ በአትክልት ዘይት የለሰለሰ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከአቅራቢው መጠየቅ ይገባቸዋል።