የሕዋስ ዕጣ በፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ውስጥ፦ አጭር ዳሰሳ

የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል ወደ እጭነት ለመለወጥ አንድ ቀን ገደማ ይበቃዋል። በዚያች አጭር ጊዜ ራስ፣ ደረትና ሆድ ይለያሉ። የፅንሱ ሕዋሳት ግን የሚይዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ አንዱ ነርቭ፣ ሌላው ጡንቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱን የሚፈጥሩት ጂኖችን የሚቀሰቅሱና የሚያፍኑ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ናቸው።

ሥራውን የምትጀምረው እናቲቱ ናት። ቢኮይድ የተባለው ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት በእንቁላሉ የፊት ጫፍ ታኖራለች። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኒውክሊየሶቹ ይባዛሉ እንጂ በመካከላቸው ግድግዳ የለም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሰራጫል። እያንዳንዱ ኒውክሊየስ ቦታውን የሚያውቀው በደረሰው መጠን ነው። እናቲቱ ቢኮይድ ከሌላት ፅንሱ ራስም ደረትም አያወጣም።

ቀጥሎ እንደ ሀንችባክና ክሩፕል ያሉ ፕሮቲኖች ፅንሱን በሰፋፊ ቀጠናዎች ይከፍሉታል፤ ከእነሱም ሰባት ጠባብ መስመሮች ይወጣሉ። ለምሳሌ ኢቭን-ስኪፕድ የተባለው ጂን ከሚሠራባቸው መስመሮች ሁለተኛውን ቢኮይድና ሀንችባክ ይቀሰቅሱታል፤ ጃያንት የተባለው ፕሮቲንና ክሩፕል ደግሞ ከፊትና ከኋላ ወሰኑን ያበጁለታል። ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርትና ኤሪክ ቪሻውስ ይህን ቅደም ተከተል የሚመሩትን ጂኖች በሃይደልበርግ ለይተው በ1980 እ.ኤ.አ. አሳወቁ፤ በ1995ም ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሉዊስ ያጠናቸው ጂኖች ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ማንነቱን ይሰጡታል። ከእነሱ አንዱ የሆነው አልትራባይቶራክስ በደረቱ የኋላ ክፍል ሥራውን ሲያቆም ባለ ሁለት ክንፏ ዝንብ አራት ክንፍ ታበቅላለች።

ዕጣ ከጎረቤትም ይመጣል። ኖች የተባለው ፕሮቲን ከአጠገቡ ካለው ሕዋስ ምልክት ይቀበላል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ኖችን የሚገታው ነምብ ለአንደኛው ብቻ ይደርሰዋል፤ በዚህም መንትዮቹ የተለያየ መንገድ ይይዛሉ። አንዴ የተወሰነውን ደግሞ የፖሊኮም ፕሮቲኖች ይጠብቁታል፤ መዘጋት ያለባቸው ጂኖች ከክፍፍል በኋላም ዝግ ሆነው ይቆያሉ።

ይህ ሁሉ የዝንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1995 የቫልተር ጌሪንግ ቡድን በባዝል የአይጥን ፓክስ-6 ጂን በዝንብ እግርና ክንፍ ላይ ሲቀሰቅስ በዚያ የበቀለው የዝንብ ዓይን ነበር። በሰው ልጅም ከፓክስ-6 ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲጎድል ሕፃኑ የዓይኑ አይሪስ ሳይሟላ ይወለዳል።