አንድ ትግል በሁለት አንደበት

በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታየው የትርኢት ትግል አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ታዲያ ሕዝቡን የሚያስጮኸው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ከታጋዮቹ ክንድ ባላነሰ የተራኪዎቹ አንደበት ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሬስልማንያ በኒውዮርክ ሲደረግ ጎሪላ ሞንሱንና ጄሲ ቬንቱራ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይተርኩ ነበር። ሞንሱን ሕግ ሲጣስ ይቆጣል፤ ቬንቱራ ለአጥፊው ጥብቅና ይቆማል፤ ፍርዱም ለተመልካቹ ይቀራል። ተራኪው ሲለወጥ ግን ትግሉም ይለወጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ማንካይንድ ከብረት ቤቱ ጣራ ላይ ሲወረወር ጂም ሮስ በድንጋጤ ጮኸ፤ ተመልካቹም አብሮት ደነገጠ።

ሁለቱ ተራኪዎች ባንድ ቃል ሲናገሩ ተመልካቹ የሚያመዛዝነው ያጣል። ጉዳይ ለመስማት በወንበር የተቀመጠ ወጣት ሹምም ይህን ቢያስብ አይከፋም፤ ባንድ ወገን አፍ ብቻ የቀረበለት ነገር ገና ግማሹ ነውና።