የአስቤዛ ካርድ ወይስ የጉዞ ካርድ?

በግብር ወቅት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው ትንሽ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያመጣል። በፖስታ የደረሱትን ሁለት የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያዎች ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረጋና "የቱን ልውሰድ?" ይለኛል። አንዱ ለአስቤዛ ካወጣችሁት ላይ ገንዘብ እመልሳለሁ የሚል ነው፤ ሌላው ነጥብ እየሰበሰባችሁ አገር ቤት ትበራላችሁ የሚል። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በየዓመቱ የማይበር ቤተሰብ የአስቤዛውን ይውሰድ። ጥሬ ገንዘብ ትኬት ይገዛል፤ ማይል ግን ጤፍ አይገዛም።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በክሬዲት ካርድ በከፈልን ቁጥር ከባለሱቁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ለባንኩና ለካርድ ኩባንያው ይቆረጣል። ባንኩም ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለእኛ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ ትልልቅ ባንኮች በዴቢት ካርድ ላይ የሚቆርጡትን ሲገድብ፣ አብዛኛው የዴቢት ካርድ ሽልማት ጠፋ። ክሬዲት ካርድን ግን ገደቡ ስላልነካው ሽልማቱ ቀጠለ። ባለሱቁ ወጪውን በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚጨምረው በጥሬ ገንዘብ የሚገዙት እናቶቻችንም ሳይቀሩ ይከፍሉታል። እንግዲህ ሂሳቡን በየወሩ አጠናቆ የሚከፍል ሰው ድርሻውን ቢያስመልስ መብቱ ነው እላለሁ።

አጠናቆ ለማይከፍል ሰው ግን ሁለቱም ካርዶች አይሆኑትም። በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ ወለዱ 440 ዶላር ይደርሳል። እኔ የማውቀው ጥሩ የአስቤዛ ካርድ በ6 በመቶ የሚመልሰው ከፍተኛው ደግሞ በዓመት 360 ዶላር ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራልና፣ ዕዳ ያለበት ሰው ሽልማቱን ለጊዜው ይርሳና ዕዳውን ይዝጋ። ገና ከአገር ቤት የመጣም ሰው አይቸኩል፤ ጥቂት መቶ ዶላር ተቀማጭ አስይዞ በሚሰጥ ካርድ የክሬዲት ታሪኩን ያስመዝግብ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። እሷ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ፣ እሱ ኡበር የሚነዳ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ደንበኞች አሉኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በወር 800 ዶላር ያህል ያወጣሉ፤ በዓመት 9,600 ማለት ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረሱ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ በሱፐርማርኬት ለሚወጣው የዓመቱ የመጀመሪያ 6,000 ዶላር 6 በመቶ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ላለው 1 በመቶ። ለእነሱ 360 እና 36፣ በድምሩ 396 ዶላር ይሆናል። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ሲቀነስ 301 ዶላር ይተርፋቸዋል። ባልየው ቤንዚን ሲቀዳ የሚያገኘው 3 በመቶ ከዚህ ውጭ ነው። የካርዱ ታናሽ ወንድም የሆነው ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ በዚያው የ6,000 ዶላር ገደብ 3 በመቶ ይመልሳል። ለእነዚሁ ባልና ሚስት 216 ዶላር ያስገኛል።

የሁለቱ ካርዶች መለያ መስመር በወር 264 ዶላር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚሸምት ሰው፣ ለምሳሌ ብቻውን የሚኖርና በወር 200 ዶላር የሚያወጣ፣ ክፍያ ካለው ካርድ የሚተርፈው 49 ዶላር ሲሆን ክፍያ ከሌለው ግን 72 ያገኛል። ውሎች በየጊዜው ይለወጣሉና ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን ውል አንብቡ፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ካርዱ የሚያየው የገዛችሁትን ዕቃ አይደለም፤ የሚያየው ሱቁ የተመዘገበበትን ባለ አራት አኃዝ የሥራ ዘርፍ ኮድ ነው። 5411 ሱፐርማርኬት ነው፤ 5499 ልዩ ልዩ ምግብ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች፣ 5812 ደግሞ ምግብ ቤት። ጃያንት ወይም ሴፍዌይ ገብታችሁ ሳሙና ብትገዙ እንኳ እንደ አስቤዛ ይቆጠራል። የሐበሻ ሱቅ ገብታችሁ እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ ብትገዙ ግን ሱቁ በምን እንደተመዘገበ አታውቁም። ከኋላ ወጥ ቤት ያለው ሱቅ በምግብ ቤትነት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት ስቴትመንታቸውን አብረን ስናይ ከሚሸምቱበት የሐበሻ ሱቅ የተመለሰላቸው 1 በመቶ ብቻ መሆኑን ሳሳያቸው፣ "ልጄ፣ እንጀራ አስቤዛ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኮዱን የሚሰጠው ግን የባለሱቁ ካርድ ተቀባይ ባንክ ነው እንጂ ሸማቹ አይደለም። የምትመላለሱበትን ሱቅ ለማወቅ አንድ ጊዜ ትንሽ ነገር ገዝታችሁ ስንት በመቶ እንደተመለሰ ስልካችሁ ላይ ተመልከቱ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ያታልላሉ። በብሉ ካሽ ካርዶቹ ዋልማርትና ታርጌት እንደ ሱፐርማርኬት አይቆጠሩም። ኮስትኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ መደብሮቹ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ስለሆነ አሜሪካን ኤክስፕረስ ይዞ የሄደ ሰው ዴቢት ወይም ጥሬ ገንዘብ ያወጣል። ለፋሲካ ከእርሻ የሚገዛው በግም ከካርዱ ውጭ ነው። ደንበኞቼ "ለምግብ በወር ይህን ያህል አወጣለሁ" ሲሉኝ፣ ከዚያ ውስጥ በእርግጥ ሱፐርማርኬት የገባው ስንት እንደሆነ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ከሐበሻ ሱቅና ከኮስትኮ ለሚኖር ቤት፣ የትም ቢከፈልበት 2 በመቶ የሚመልስ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ቪዛ ካርድ ከሁለቱም ይበልጣል።

የጉዞ ካርዱንስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድን ልውሰድ። ዓመታዊ ክፍያው ይኸው 95 ዶላር ነው። ለጉዞ በዶላር 2 ነጥብ፣ በራሱ በባንኩ የጉዞ ገጽ ለተገዛ 5፣ ለምግብ ቤት 3 ይሰጣል። ሱፐርማርኬት ገብቶ ለሚሸምት ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ በጥሬው አንድ ሳንቲም ስለሆነ፣ የእነዚያ ባልና ሚስት 9,600 ዶላር አስቤዛ 96 ዶላር ያመጣል፤ የካርዱን ዓመታዊ ክፍያ ሸፍኖ ያልቃል። በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ አገር ቤት ለሚሄድ ቤተሰብ በመካከል ያሉት ዓመታት ባዶ ናቸው።

የትኬቱን ዓመት ደግሞ እንየው። አምስት ትኬት በ1,500 ዶላር ቢገዙ 7,500 ዶላር፣ 15,000 ነጥብ፣ በጥሬው 150 ዶላር ነው። ብዙዎቻችን ግን ትኬት የምንገዛው ከሐበሻ ትኬት ወኪል ነው። ወኪሉ ለካርድ 3 በመቶ ከጨመረ ጭማሪው 225 ዶላር ይሆናል፤ ነጥቡን በልቶት ያልፋል። ይህም ሆኖ ወኪሉን በደንብ የማታውቁት ከሆነ ጭማሪውን ከፍላችሁም ቢሆን በክሬዲት ካርድ ግዙ። ትኬቱ ሳይቆረጥ ቢቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የክሬዲት ሂሳብ ሕግ ክፍያውን እንድትቃወሙ መብት ይሰጣችኋል፤ ተቃውሞው ክፍያው የታየበት ስቴትመንት ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። በዜል የተላከ ገንዘብ ግን በፈቃዳችሁ ስለላካችሁት ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። ለትኬት ብሎ ዓመት ሙሉ ዕቁብ የጣለ ሰው ገንዘቡን እንዲህ ሲያጣ ማየት ያማል።

የጉዞ ካርድ በትክክል የሚያዋጣቸውም አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። የቼዝ ነጥብ በቀጥታ ወደ ሸባማይልስ አይተላለፍም፤ ነገር ግን ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ ተላልፎ፣ በእነሱ በኩል ከደለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር ይቻላል። ችግሩ ለማይል የሚለቀቀው መቀመጫ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ክረምትና በገና ሰሞን አምስት መቀመጫ በአንድ ቀን ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ብቻውን የሚጓዝ፣ ቀኑን መለወጥ የሚችል፣ የታመመ ወላጅ ሊጠይቅ በየዓመቱ የሚመላለስ ሰው ግን ይጠቀምበታል። ውጭ አገር ሲከፍልበት ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ብሉ ካሽ ካርዶቹ አዲስ አበባ ሆቴል ብትከፍሉባቸው 2.7 በመቶ ይጨምራሉ። ትኬቱ በጉዞ ካርዱ ተገዝቶ ሻንጣ ከ6 ሰዓት በላይ ቢዘገይም ለአስፈላጊ ዕቃዎች በቀን እስከ 100 ዶላር፣ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሸፍናል። ስጦታ የሞላው ሻንጣ ሳይደርስ ቦሌ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የመግቢያ ጉርሻውም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጥቂት ሺህ ዶላር ላወጣ ሰው ብዙ ጊዜ 60,000 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ይህ በጥሬው 600 ዶላር ነው። የቤተሰቡን ትኬት ለመግዛት ገንዘቡን አስቀድሞ ያጠራቀመ ሰው በዚያው ሰሞን ካርዱን ቢያወጣ ጥሩ ብልሃት ነው። ጉርሻውን ለመሙላት ብሎ የማያስፈልገውን ሶፋ የሚገዛ ግን ለባንኩ እየሠራ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ነጥብ አገኛለሁ ብላችሁ ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩበት መተግበሪያ ላይ ክሬዲት ካርድ አታስገቡ። ብዙ ባንኮች ይህን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጥሩታል፤ ነጥብ አይሰጥም፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ይቆረጣል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ለእናታችሁ የምትልኩትን ከባንክ ሂሳባችሁ ወይም በዴቢት ላኩ።

ከማመልከታችሁ በፊት ያለፉትን ሦስት ወራት ስቴትመንት አውጡና ሱፐርማርኬት የተከፈለውን ብቻ ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ከ264 ዶላር በላይ ከሆነ ባለ 6 በመቶውን፣ በታች ከሆነ ክፍያ የሌለውን ውሰዱ። ካርዱ እጃችሁ በገባ ቀን ደግሞ ሙሉው ሂሳብ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል አድርጉት። ዝቅተኛው ክፍያ የሚለውን አትምረጡ።