«ተባረረ» ከማለታችን በፊት፦ በዕጽ ምክንያት የመጣ የወታደር ስንብትና ይግባኙ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኛም ከሥሩ ለመጀመር አንድ ምሳሌ እናንሳ። እንበል አንድ የአዳማ ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ጥቂት ዓመት ፓርኪንግ ሠራና የአሜሪካን ምድር ጦር ተቀላቀለ። እናቱ የዩኒፎርም ፎቶውን አሳጥባ ሳሎን ሰቀለች። አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ። «እማዬ፣ ከወታደር ቤት አሰናበቱኝ። ሽንት ተመርምሬ ዕጽ ተገኘብህ ብለውኝ ነው» አላት። በማግስቱ ቡና ላይ ጎረቤቶች ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት፤ «ተባረረ!»

ለመሆኑ በአንድ ቃል የሚዘጋ ነገር ነው ወይ? እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ብንሆን እንዲህ ያለ ዜና ስንተረጉም «ከሠራዊቱ ተባረረ» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን በዚያ አገር ሕግ ወታደር ስለ መሰናበቱ ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት ስም እንደተሰናበተ ይጻፋል። የወደፊት ኑሮውን የሚወስነውም ይህ ስም ነው። ደግሞም ስሙ ይግባኝ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው። (ስለ አሜሪካ በምናወራበት ሁሉ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስንብት ዓይነቶች

አንድ የአሜሪካ ወታደር ሲሰናበት ዲዲ 214 የሚባል ቅጽ ይሰጠዋል። በእኛ አገር አነጋገር መልቀቂያ እንደማለት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ከሚጻፉት የስንብት ዓይነቶች ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው። የመጀመሪያው በሙሉ ክብር መሰናበት ነው። ሁለተኛው «ጠቅላላ፣ በክብር ሁኔታ ሥር» የሚባለው ሲሆን አገልግሎቱ ደህና ሆኖ ጉድለት ላለበት ይሰጣል። ሦስተኛው «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» የሚባለው ነው። እነዚህ ሦስቱ ያለ ፍርድ ቤት፣ በአስተዳደር ውሳኔ የሚሰጡ ናቸው። አራተኛው የመጥፎ ጠባይ ስንብትና አምስተኛው የውርደት ስንብት ግን በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቅጣት ብቻ የሚመጡ ናቸው። ገና ሥልጠና ላይ እያለ የወጣ ምልምል ደግሞ ምንም ዓይነት ሳይጻፍበት ሊሰናበት ይችላል።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ እንበል። ሦስተኛውና አምስተኛው በአማርኛ ሲወራ ሁለቱም «በውርደት ተባረረ» ይሆናሉ። በሕግ ግን አንደኛው ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ነው፤ ሌላው በወንጀል ተፈርዶበታል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የጻፈ ጋዜጠኛ ያልተፈረደበትን ሰው ፈረደበት ማለት ነው።

ጥቅማ ጥቅሙም እንደ ስሙ ይለያያል። መንግሥት ለተሰናባቾች የሚከፍለውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ለማግኘት ሙሉ ክብር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዓይነት ሕክምናውንና አብዛኛውን ነገር ያስገኛል፤ የትምህርቱን ክፍያ ግን ያስቀራል። ሦስተኛው ሲሆን የተሰናባቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው አይቶ ይወስናል።

ዕጽ ሲሆን ለምን ይከብዳል?

የአሜሪካ ጦር ከዕጽ ጋር ያለው ታሪክ የሚጎላው ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ነው። በ1971 ከቬትናም ለሚመለሱ ወታደሮች የሽንት ምርመራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ ዕጽ በመጠቀም ብቻ የተሰጡ መጥፎ ስንብቶች እንደገና እንዲታዩ አዘዙ። ሱሰኛን መቅጣት ይሻላል ወይስ ማከም የሚለው ክርክር ያኔም ነበር ማለት ነው። በግንቦት 1981 ደግሞ ኒሚትዝ በተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶ 14 ሰው ሞተ። በአንዳንዶቹ ሟቾች አካል ላይ የማሪዋና ምልክት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጦሩ «ምንም ትዕግሥት የለም» ወደሚል ፖሊሲ ገባ። ዛሬም ዕጽ የተገኘበት ወታደር በአብዛኛው የመሰናበት ሂደት ይጀመርበታል።

ለእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ፤ ጫት። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ጫት በአደባባይ የሚሸጥ፣ የበርጫ ሰዓት የሚታወቅለት፣ መንግሥትም ግብር የሚሰበስብበት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንደኛው የክልከላ መደብ ተመዝግቧል። ጫቱ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይቀየራል፤ ካቲንም ቢሆን ቀለል ባለው በአራተኛው መደብ ቁጥጥር ውስጥ ነው። የጦሩ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 112ሀ ደግሞ በእነዚህ መደቦች ያሉትን ሁሉ ይከለክላል። ስለዚህ አዳማ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር እዚያ ወታደር ያሰናብታል።

ማሪዋናም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ያመጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ያሉ ክፍለ አገሮች ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ወታደሩ ግን ከካምፕ ውጭ በእረፍት ቀኑም ቢሆን በጦሩ ሕግ ሥር ነው። «ጎረቤቴ ያጨሳል እኮ» ማለት አያድነውም።

ለስደተኛው ሌላም ጣጣ አለ

ከ2009 እስከ 2016 የአሜሪካ ጦር ልዩ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ አገር ዜጎችን በአንድ ፕሮግራም ይመለምል ነበር። ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ግሪን ካርድ ያላቸው ደግሞ ከዚያ በፊትም በኋላም መግባት ይችላሉ። ብዙዎቹን የሚስበው ደመወዙ ብቻ አይደለም። በውትድርና ያገለገለ ሰው ዜግነት የሚያገኝበት አጭር መንገድ ስላለ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ዜግነት ለማግኘት አገልግሎቱ የክብር መሆን አለበት፤ አንደኛውና ሁለተኛው የስንብት ዓይነት ይህን ያሟላሉ። ዜግነቱን ካገኘም በኋላ በጠቅላላው 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ለተወላጁ የሥራና የትምህርት ጉዳይ የሆነው አንድ ቃል፣ ለአዳማው ልጅ የመኖሪያ አገር ጉዳይም ይሆንበታል።

ይግባኙ የት ይቀርባል?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናጥራ። «ከ6 ወር በኋላ ራሱ ይስተካከላል» የሚል ነገር በወታደሮች መካከል ይወራል። ይህ ሐሰት ነው። ያላመለከተ ሰው ስንብት በራሱ አይሻሻልም።

ዋናዎቹ በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የስንብት ገምጋሚ ቦርድ ሲሆን በ1944 በወጣው የተሰናባቾች ሕግ የተቋቋመ ነው። ማመልከቻው ዲዲ 293 በሚባል ቅጽ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ ይቀርባል። ቦርዱ በመዝገብ ብቻ ሊያይ ወይም አመልካቹን ሊሰማ ይችላል። በጠቅላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተሰጠን ስንብት ግን አያይም። ሰውየውንም ወደ ጦሩ አይመልስም።

ሁለተኛው በ1946 በወጣ ሕግ የመጣው የወታደራዊ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ነው። ቅጹ ዲዲ 149 ይባላል። ስህተቱ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ 3 ዓመት ገደብ አለው፤ ሆኖም ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ ገደቡን ሊያነሳ ይችላል። በመጀመሪያው በር ያልተሳካለት ወይም 15 ዓመት ያለፈው ሰው ወደዚህ ይመጣል። ከታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ወዲህ ለተሰናበቱ ደግሞ ሁለቱን ከጨረሱ በኋላ የመጨረሻ ይግባኝ የሚያይ ሌላ ቦርድ ተጨምሯል።

ለማመልከት ክፍያ የለም። ተሰናባቹ ሞቶ ወይም አእምሮው ታውኮ ከሆነ የቅርብ ቤተሰብ ሊያመለክትለት ይችላል። ይህን ማወቅ እዚህ ላሉ ወላጆችም ይጠቅማል።

ቦርዱ ምን ይጠይቃል?

የገምጋሚ ቦርዱ መመዘኛዎች ሁለት ናቸው፤ አግባብነትና ርትዕ። አግባብነት ማለት ሕጉና ደንቡ ተከብሯል ወይ ማለት ነው። ርትዕ ማለት ደግሞ ሕጉ ቢከበርም ውሳኔው ለዚህ ሰው ሚዛናዊ ነው ወይ ማለት ነው። ብዙ አመልካቾች «ተጸጽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብቻ ብለው ይጽፋሉ። መጸጸት ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን ከሁለቱ አንዱንም አይመልስም።

በአግባብነት በኩል የዕጽ ጉዳይ ብዙ የሚመረመር ነገር አለው። የሽንቱ ናሙና ከወታደሩ እጅ እስከ ላቦራቶሪ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ይመዘገባል፤ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ውጤቱ ያጠራጥራል። ሳያውቅ ወስዶ ከሆነም ጥፋቱ ያከራክራል፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚቀጣው አውቆ የተጠቀመን ነው። በምድር ጦሩ ደንብ ደግሞ ራሱ ፈቅዶ «እርዱኝ» ብሎ ለሕክምና የቀረበ ወታደር የተናዘዘው ነገር የስንብቱን ስም ለማበላሸት ሊውል አይገባም። ጦሩ ያንን ማስረጃ በስንብቱ ሂደት ካቀረበው ስንብቱ የሙሉ ክብር መሆን አለበት ይላል። እንዲሁም ከክብር ውጭ ሊሰናበት የታሰበ ወታደር በቦርድ ፊት የመሰማት መብት አለው። ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ ወጣት ግን ሳያነብ «መብቴን ትቻለሁ» ብሎ የሚፈርምበት ጊዜ አለ።

በርትዕ በኩል ሦስት መመሪያዎች መታወቅ አለባቸው። በ2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ከጦርነት የመጣ የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው ተሰናባቾች ማመልከቻ በሰፊ ልቦና እንዲታይ አዘዙ። በ2017 የወጣው የኩርታ መመሪያ ይህንን በአራት ጥያቄዎች አብራራው። ጥፋቱን የሚያቀል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበረ ወይ? በአገልግሎት ላይ እያለ ነው ወይ የደረሰው? በእርግጥ ጥፋቱን ያቀልለታል ወይ? ከስንብቱ ምክንያት ይመዝናል ወይ? የ2018ቱ የዊልኪ መመሪያ ደግሞ ከስንብት በኋላ ያለ መልካም ኑሮንና የፖሊሲ ለውጥን ከግምት አስገባ። እንግዲህ እንቅልፍ አጥቶ ዕጽ የጀመረ ወታደር የሐኪም ማስረጃ ቢያመጣ፣ ከሱስ የወጣበትን ሰነድ፣ የአሠሪውንና የሚያውቁትን ሰዎች ደብዳቤ ቢያያይዝ ከባዶ ልመና ይሻለዋል። ከአገር ቤት የሚላክ ማስረጃ ካለም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይያያዝ።

አንድ ነገር አይረሳ። በዲዲ 214 ላይ ከስንብቱ ስም ሌላ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ «የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ዕጽ መጠቀም» ተብሎ ይጻፋል። ስሙ ተሻሽሎ ምክንያቱ ከቀረ ረጅሙን ቅጂ የጠየቀ ቀጣሪ ያነበዋል። ስለዚህ ሁለቱም እንዲቀየሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከእኛ ጋር ሲነጻጸር

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለለቀቀ ሠራተኛ በነጻ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ለምን ወጣ የሚለው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሌላ በኩል ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከስ ሠራተኛ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ ይታገዳል። የእነርሱ ወረቀት ነውርን ይጽፋል፤ በሩን ግን ለ15 ዓመት ክፍት ያደርጋል። የእኛው ነውርን አይጽፍም፤ በሩ ግን ቶሎ ይዘጋል።

ያለ ወረቀት የሚሰጥ ስምም አለ። የቀድሞው ሠራዊት በ1983 ዓ.ም. በጅምላ ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ምግብ አብሳዩም ሆነ አዛዡ ስሙ አንድ ነበር። ስሙን ይዞ «ይታይልኝ» የሚልበት ቦርድ አልነበረም። «ተባረረ» የሚለው ቃልም በጎረቤት አፍ እንደዚያው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣልን አራት ነገር እንጠይቅ። ስንብቱ የትኛው ዓይነት ነው? በፍርድ ቤት ነው ወይስ በአስተዳደር? የተጻፈው ምክንያት ምንድነው? ይግባኙስ ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም? የእነዚህን መልስ ሳንይዝ «ተሰናበተ» ብንል ይበቃል። ለዚያች እናትም ቢሆን መጀመሪያ ልንነግራት የሚገባው «ልጅሽ ወረቀቱን ይፈልግ፣ ቀኑን ይቁጠር» ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሚወረሰው በትክክል የተጻፈው እንዲሆን፣ ያለአግባብ የተጻፈው በጊዜው ይታረም።