ሦስት ዋጋ የወጣለት ዓይን

«ለእሱ ለምን በዛለት?» የሚለውን አቤቱታ በየቤታችን ያልሰማ ወላጅ ይኖራል ብለን አንገምትም። ልጆቻችን የራሳቸው ድርሻ ሲጎድል ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። የሌላው ሲጎድል ማስተዋልን ግን እኛ ልናስተምራቸው ይገባል። ለዚህ ትምህርት የጥንት ሕዝቦች ታሪክ ጥሩ አጋዥ ነው።

ከ3,700 ዓመታት በፊት ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር የነገሠው የባቢሎኑ ሐሙራቢ 280 ያህል ድንጋጌዎችን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚበልጠው ይህ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 ሱሳ ከተባለችው የኢራን ጥንታዊ ከተማ ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። ንጉሡ በዚሁ ጽሑፍ የተሾመው ብርቱው ደካማውን እንዳይበድል መሆኑን ይገልጻል።

ይህን ለልጆቻችን ከነገርን በኋላ ድንጋጌዎቹን እናሳያቸው። አንድ ባላባት የሌላውን ባላባት ዓይን ቢያጠፋ የእሱም ዓይን ይጠፋል። የተራ ሰው ዓይን ቢያጠፋ ግን ግማሽ ኪሎ ያህል የብር ማዕድን ይከፍላል። የባሪያ ዓይን ከሆነ ደግሞ የባሪያውን ዋጋ እኩሌታ ብቻ! «ዓይን አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው ስለ ምን ሦስት ሆነ?» ብለን እንጠይቃቸው፤ መልሱን ራሳቸው ይፈልጉት። ሕግ በአደባባይ ተጽፎ መቆሙ ትልቅ እርምጃ እንደነበረ፣ የተጻፈ ሁሉ ግን ፍትሕ እንዳልሆነ በዚህ ይረዳሉ።

ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ከመኽዙም ጎሣ የሆነች ሴት ሰርቃ ኡሳማ ኢብን ዘይድ ሊያማልድላት በመጣ ጊዜ፣ የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት የተከበረው ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ ስለሚቀጡ መሆኑን አስተምረዋል። የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ ፍርዱ እንደማይለወጥ ነግረዋል።

ወላጆች ሆይ! ትምህርቱ ባቢሎን ላይ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። ልጃችን ብርጭቆ ሲሰብር «አይዞህ፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ» እንላለን። በቤታችን የምትሠራው ልጅ ስትሰብር ግን ከደመወዟ እንቆርጣለን። ልጃችን ይህን ቆሞ ያያል። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ዋጋ ባወጣንበት ቤት የሐሙራቢን ድንጋይ ለመንቀፍ በምን አንደበት እንናገራለን?